ያረጀ ላፕቶፕን በኤስኤስዲ ማደስ፦ ከግዢው እስከ መጀመሪያው ቡት

ላፕቶፓችሁ ተነሥቶ ዎርድ እስኪከፍትላችሁ ቡናው ተቆልቶ የሚወቀጥ ከሆነ፣ «አርጅቷል» ብላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ሲፒዩው 10 ወይም 20 በመቶ ላይ ተቀምጦ ዲስኩ ለብዙ ደቂቃ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሃርድ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

የሚጠብቅበትም ምክንያት አለው። በአብዛኛው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የሚያነበው ክንድ ወደ ቦታው እስኪደርስ ሌላ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጨመርበታል። ሲደመር ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ ቢበዛ መቶ ያህል ቦታ ቢነካ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየጥጋጥጉ ይለቅማል። ኤስኤስዲ፣ በሃርድ ዲስኩ ፈንታ የሚገባው ባለ ቺፕ ማከማቻ፣ ውስጡ የሚዞር ነገር ስለሌለው ያው ፍለጋ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ያልቃል። ለዚህ ነው ለውጡ ፊልም ስትገለብጡ ሳይሆን ማሽኑን ስታስነሡና ፕሮግራም ስትከፍቱ ጎልቶ የሚታየው።

ለባሕር ዳር ሰው ሌላም ጥቅም አለው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሚዞረው ሳህን በላይ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ባነሰ ክፍተት ነው የሚንሳፈፈው። ክዳኑን ጠቅ አድርጎ ከድኖ፣ ዲስኩ ሳይቆም ቦርሳ ውስጥ ከትቶ፣ ባጃጅ ላይ ወጥቶ ኮብልስቶኑን እየተንገጫገጩ መሄድ ዲስክ ይገድላል። ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ስትሻገሩ ጭናችሁ ላይ ከፍታችሁ መሥራትም ያው ነው። ኤስኤስዲ ለንዝረት ደንታ የለውም።

ብሎን ፈትቶ ዲስክ መቀየሩ 15 ደቂቃ አይሞላም። ሰው ፋይሉን የሚያጣው፣ ገንዘቡን የሚያከስረው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ነው። ስለዚህ እዚህ ካቻቢቴ የሚነሣው ዘግይቶ ነው።

የአሮጌው ዲስክ ጤና

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዳችሁ ክፈቱ። ከላይ በግራ ያለው ሣጥን ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ዲስኩ መታመም ጀምሯል፤ ቀይ ከሆነ አትዘግዩ። በቀለሙ ብቻ ግን አትወስኑ። ከታች ባለው ዝርዝር 05 እና ሲ5 የሚሉትን ሁለት መስመሮች ፈልጉ። 05 ዲስኩ ተበላሽተውበት በመለዋወጫ የተካቸውን ክፍሎች ብዛት ይናገራል። ሲ5 ደግሞ አሁን ለማንበብ እምቢ ያሉትን ነው፤ ክሎን ሲደረግ (አሮጌው ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ሲገለበጥ) ሥራውን መሐል ላይ የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ በአሥራ ስድስት ቤት ስለሚጻፉ አያደናግሯችሁ፤ ፈንክሽን ከሚለው ሜኑ አድቫንስድ ፊቸር ገብታችሁ ሮው ቫልዩስ የሚለውን ወደ 10 ቀይሩት።

ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ተረጋግታችሁ ቀጥሉ። ሲ5 ላይ ቁጥር ካለ ግን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፦ መጀመሪያ የማይተካውን ፋይል ብቻ፣ መመረቂያ ጽሑፉን፣ የሠርግና የልጆች ፎቶውን፣ የሒሳብ መዝገቡን፣ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ በእጃችሁ ቅዱ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሥራ። ሰው ልማድ ሆኖበት ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መመርመሪያ) ያስነሣል፤ በሚሞት ዲስክ ላይ ፋይል ሳይወጣ ይህን ማድረግ ሕመምተኛን ሩጫ ማስሮጥ ነው። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ወዲያው አጥፉት። በበራ ቁጥር ማንበቢያው ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለሙያም አያወጣውም።

እዚያው ፕሮግራም ላይ ትራንስፈር ሞድ የሚል መስመር አለ። በመሐሉ ቀጥ ያለ መስመር ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ ግራው አሁን ላፕቶፑ የሚሠራበት፣ ቀኙ ዲስኩ የሚችለው ነው። ግራው 600 ከሆነ ላፕቶፑ ሳታ 3 (የዲስክ ማገናኛው ፈጣኑ ትውልድ) አለው፤ ኤስኤስዲው በሰከንድ 500 ሜጋ ባይት ድረስ ይሄድላችኋል። ግራው 300፣ ቀኙ 600 ከሆነ ላፕቶፑ ሳታ 2 ነው፤ ጣሪያው 280 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው። ያም ሆኖ ግዙት። ላፕቶፑን የሚያፈጥነው የፍለጋው ጊዜ ማጠር ነው፤ እሱ ደግሞ በሳታ 2ም ያው ነው። ውድ የሆነውን ኤስኤስዲ መግዛት ግን በዚህ ማሽን ላይ ትርፉ ትንሽ ነው።

ምን ዓይነት፣ ስንት ጊጋ

እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የሚወስዱት ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ነው። ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ 9.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አዲሱ በማቀፊያው ውስጥ ትንሽ ሊላላ ይችላል። አንዳንድ ኤስኤስዲ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ክፈፍ ይዞ ይመጣል፤ ካልመጣ ክፍተቱን በወፍራም ካርቶን ሙሉት። ማቀፊያው በጎን በኩል በብሎን የሚይዘው ከሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም።

ማስቲካ የሚመስለውን ኤም ዶት 2 ላፕቶፑን ከፍታችሁ ማስገቢያውን በዓይናችሁ ሳታዩ አትግዙ። ማስገቢያው ቢኖር እንኳ አንዱ ሳታ ብቻ፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የሚፈጥነውን አዲሱን ዓይነት) ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል፤ መልካቸው ስለሚቀራረብ ገብቶ የማይሠራ ዕቃ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

መጠኑን በተመለከተ 120 ጊጋ የሚባለውን እንርሳው፤ ዊንዶውስ፣ ኦፊስና የአንድ ዓመት አፕዴት ይሞሉታል። 240 ወይም 256 ለተማሪና ለጽሕፈት ሥራ ይበቃል። ፎቶ ወይም ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው 480 ወይም 512 ይግዛ። 256 የተባለው ዊንዶውስ ላይ 238 ሆኖ ሲታይ ተሰርቆ አይደለም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው።

ሳምሰንግ 870 ኢቮና ክሩሻል ኤምኤክስ500 የራሳቸው መሸጋገሪያ ሜሞሪ አላቸው፤ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲጻፍባቸው ፍጥነታቸው ቶሎ አይወድቅም። ኪንግስተን ኤ400 እና ክሩሻል ቢኤክስ500 ያ ሜሞሪ የላቸውም፤ ርካሽ ናቸው፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ ግን ይበቃሉ። «ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚለው ወሬ አያስፈራችሁ። የ240 ጊጋው ኤ400 በአምራቹ ስሌት 80 ቴራ ባይት ይጻፍበታል፤ በቀን 20 ጊጋ ብትጽፉበት 11 ዓመት ገደማ ነው።

ሊያስፈራችሁ የሚገባው ሐሰተኛ ዕቃ ነው። ስሙ የማይታወቅ «2 ቴራ» ኤስኤስዲ በ240 ጊጋ ዋጋ ከቀረበላችሁ ውስጡ የስልክ ሜሞሪ ካርድ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ መጠኑን 2 ቴራ ብሎ ያሳያችኋል፤ የተጻፈበት ግን ከጥቂት ጊጋ በኋላ ይጠፋል። ስትገዙ ደረሰኝ ያዙ፤ «ሞክሬ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ። ቤት ገብታችሁ ባዶውን ኤስኤስዲ ኤች 2 ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ አስጽፋችሁ አስነብቡት (ዊንዶውስ ላይ ካልታያችሁ ከታች «እምቢ ካለ» የሚለውን እዩ)። ለ240 ጊጋ በዩኤስቢ 3 አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ በዩኤስቢ 2 ግን አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዝግ ማለቱ አያሳስባችሁ፤ ስሕተት ካገኘ ግን በዚያው ቀን መልሱት።

ከኤስኤስዲው ጋር ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ፣ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ፣ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ቁጥር 0 እና ቁጥር 1 ያዙ። ካቻቢቴው ጥሩ ይሁን፤ ርካሹ የብሎኑን ራስ ይልጠዋል፤ የተላጠን ብሎን ማውጣት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሥራ ይበልጣል።

ክሎን ወይስ አዲስ ዊንዶውስ?

ዊንዶውሱ ከተጫነ ዓመታት ካለፉት፣ ቫይረስ ተመላልሶበት ከሆነ፣ ወይም ሲ5 ላይ ቁጥር ካለ አዲስ ጫኑ። ክሎን ቆሻሻውንም አብሮ ይገለብጣል። ፒችትሪ የተጫነበት የሒሳብ ክፍል ማሽን ከሆነና የመጫኛው ሲዲ የት እንደገባ ካልታወቀ ግን ክሎን አድርጉ፤ በአንድ ከሰዓት የሚያልቀው ሥራ ሳምንት እንዳይሆንባችሁ።

አዲስ የሚጭን ሰው እዚህ አገር ዘወትር የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። ፊደሎቹ ቀዳሚ ናቸው። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ከፍታችሁ የግዕዝ ፊደሎቹን ወደ ፍላሽ ቅዱ። ሁለተኛ፣ የፒችትሪ መዝገብ ዶክመንትስ ውስጥ ስለማይቀመጥ ዶክመንትስን መቅዳት ብቻ አያድነውም፤ ከራሱ ከፒችትሪው ፋይል ሜኑ ባክአፕ አውጡና ባክአፑ መከፈቱን ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩ። ሦስተኛ፣ ከቴሌግራም የወረደው ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ፎልደር ይከማቻል፤ የመምህሩ ሃንድአውት እዚያ ነው ያለው። በብራውዘሩ የተያዙ የይለፍ ቃሎችም አይረሱ።

ዊንዶውስ 10 የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የምናወራላቸው ማሽኖች አብዛኞቹ አያሟሉም። ለኢንተርኔትና ለጽሕፈት ብቻ ለሚገለገል ሊኑክስ ሚንት በኤስኤስዲ ላይ ጥሩ ይሄዳል።

መብራት ቢጠፋስ?

ይህን ጥያቄ መሐል ላይ ሆናችሁ ሳይሆን አሁን መልሱት። ክሎን ሲደረግ አሮጌው ዲስክ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። ስለዚህ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አዲሱ ላይ ያለው ግማሽ ቅጂ ነው፤ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ፣ ሌላ ጉዳት የለም። አደገኛው ከክሎኑ በፊት የሚሠራው ነው፦ በአሮጌው ዲስክ ላይ ፓርቲሽን (እንደ ሲ ድራይቭ ያለ የዲስክ ክፍል) ማሳነስ። እሱ ሲሠራ መብራት ከጠፋና የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ፣ ዋናው ዲስክ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ባዮስን (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም) አፕዴት ማድረግም እንዲሁ፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል። ባትሪያችሁ አንድ ሰዓት የማይዝ ከሆነ ፓርቲሽን አታሳንሱ፣ ባዮስ አትንኩ፤ ወይም ዩፒኤስ ካለው ቢሮ ሥሩት። በክረምት ከሰዓት በኋላ ከጣና ላይ ደመናው ሲጠቁርና ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ክሎን አደራረግ

ከ500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ወደ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ እንደምትሄዱ እናስብ። ወሳኙ የዲስኩ ስፋት ሳይሆን ውስጡ የተያዘው ነው፤ ከ190 ጊጋ በታች እስኪሆን ፊልሙንና ሙዚቃውን ወደ ውጭ ዲስክ አውጡ።

1. ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ወይም ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን በርቶ ከሆነ አቁሙት፤ የማስመለሻ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጻፉ።

2. ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሸት ዳውን በሉ። ተራው ሸት ዳውን የዊንዶውስን ከፊል ትዝታ ዲስክ ላይ ትቶ ነው የሚተኛው፤ በሌላ ፕሮግራም ተነሥታችሁ ክሎን ስታደርጉ «ዲስኩ ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ የሚላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

3. ኤስኤስዲውን በዩኤስቢ ገመዱ አያይዙት። ሰማያዊ አፍ ያለው ማስገቢያ ዩኤስቢ 3 ነው፤ እሱን ተጠቀሙ። 100 ጊጋ መረጃ በዩኤስቢ 2 ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በዩኤስቢ 3 የሚወስነው የአሮጌው ዲስክ ፍጥነት ስለሆነ 20 ደቂቃ አካባቢ ሊያልቅ ይችላል።

4. ሌላ ፍላሽም ሆነ የውጭ ዲስክ ሁሉ ይነቀል። ከዚያ የክሎን ፕሮግራሙን አስነሡ።

የሳምሰንግም የክሩሻልም ኤስኤስዲ ከአምራቹ ነፃ የማሸጋገሪያ ፕሮግራም አለው፤ ፓርቲሽኑን ራሱ አሳንሶ ስለሚያስገባላችሁ አሮጌው ዲስክ አይነካም። ላለው ሰው ምርጫው እሱ ነው። ብዙ ሰው የለመደው የማክሪየም ሪፍሌክት ነፃ ቅጂ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ቆሟል። ክሎንዚላ ነፃና አስተማማኝ ነው፤ ግን መድረሻው ከመነሻው ካነሰ በልማዱ እምቢ ይላል። እሱን ለመጠቀም መጀመሪያ በዲስክ ማኔጅመንት ሲ ድራይቭን ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ሽሪንክ ቮልዩም በሉ፤ ቀሪዎቹ ፓርቲሽኖች ተደምረው ከኤስኤስዲው ማነስ አለባቸው። ቀጥሎ ክሎንዚላ ላይ ኤክስፐርት ሞድ ገብታችሁ የመድረሻ ዲስኩን መጠን መመርመር የሚያስቀረውንና የፓርቲሽን ሠንጠረዡን በመጠን አመጣጥኖ የሚፈጥረውን ምርጫ ያዙ።

5. «መነሻ» እና «መድረሻ» በሚሉት ላይ ቁሙ። እዚህ ላይ የተገላቢጦሽ ከተመረጠ ባዶው ኤስኤስዲ በፋይሎቻችሁ ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። በ«ዲስክ 0» እና «ዲስክ 1» አትመኑ፤ ቁጥሩ ይቀያየራል። የሚታመነው የዲስኩ ሞዴል ስምና መጠኑ ነው፤ ኤስኤስዲው ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ።

6. ሲያልቅ ዊንዶውስን እንደገና አታስነሡት፤ አጥፉት። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ስለያዙ አንድ ላይ ከተነሡ ዊንዶውስ አንዱን ሊዘጋው ይችላል።

መፍታትና መግጠም

በቀን ብርሃን ሥሩ። ማታ አምፖል ሥር ከሆነ፣ ጣና ዳር ያለ ቤት ትንኙም የሥራው ተካፋይ ነው። ጠረጴዛ ላይ እንጂ ምንጣፍ ላይ አትቀመጡ፤ የናይለን ሹራብ አውልቁ፤ ሰሌዳውን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት ንኩ።

ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ከዚያ ፓወሩን 15 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኮረንቲ ይፈሳል። ባትሪው ውስጥ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ፤ ፓወሩን ከዚያ በኋላ ያዙ።

የድሮ የቢሮ ላፕቶፖች ለዚህ ሥራ ደግ ናቸው። ቲንክፓድ ቲ430 አንድ ብሎን ብቻ ፈትታችሁ የጎን ክዳኗን ስታወጡ ዲስኩ ከነማቀፊያው ይሳባል፤ በግራና በቀኙ ያሉትን ጎማዎች ወደ ኤስኤስዲው ማዛወር እንዳትረሱ። ዴል ላቲትዩድ ኢ6430ም ከሥሩ ጥቂት ብሎን ተፈትቶ ዲስኩ በጎን ይወጣል። የቤት ላፕቶፖች ግን ሙሉ የታችኛው ክዳን ካልተነሣ አያስገቡም፤ ብሎኖች ከጎማ እግሮቹ ሥርና ከዲቪዲው ጀርባ ይደበቃሉ። «ሁሉንም ፈታሁ፣ አልነሣ አለኝ» ካላችሁ አንድ ብሎን ቀርቷል፤ አታስገድዱት። ካለቀ በኋላ ጊዜው ባለፈ ኤቲኤም ካርድ ጠርዙን ዙሪያውን እያላቀቃችሁ ሂዱ።

ለብሎኖቹ ካርቶን ላይ የላፕቶፑን ሆድ ንድፍ ሣሉና እያንዳንዱን ከወጣበት ቦታ ሰኩት። ስኒ ውስጥ መሰብሰብም ይቻላል፤ ግን ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው በኪቦርዱ በኩል ጉብታ ያወጣበታል።

አሁን ዲስኩን ተመልከቱ። ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ምላስ አለ፤ አጭሩ ለመረጃ፣ ረጅሙ ለኮረንቲ። ዲስኩ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚወጣው። በአንድ ጫፍ አንሥታችሁ ከጎተታችሁት ምላሱ ይሰበራል፤ በአንዳንዱ ላፕቶፕ ሶኬቱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ጥፋቱ ከባድ ነው። ማቀፊያውን በሁለት አውራ ጣት ከጀርባው ገፋ አድርጋችሁ ከሶኬቱ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር አርቁት፤ ያኔ ብቻ አንሡት። በሪባን ገመድ የተያዘ ከሆነ ሪባኑን ሳይሆን የፕላስቲኩን ራስ ያዙ። ሪባኑ ከታጠፈ ክሩ ውስጥ ውስጡን ይበጠስና ኤስኤስዲው አንዴ የሚታይ አንዴ የሚጠፋ ይሆናል።

ማቀፊያውን የያዙትን አራት አጫጭር ብሎኖች ፈትታችሁ ኤስኤስዲው ላይ እነዚያኑ መልሱ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ረጅም ብሎን ሰሌዳውን ሊወጋው ይችላል። የጽሑፉ ፊት ከአሮጌው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን። ሶኬቱ አፍ ላይ አስተካክላችሁ በጠፍጣፋው ግፉት፤ ክፍተት ሳይቀር ይገባል።

ከፍታችሁ ሳለ የፋኑን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ ስታራግፉ ፋኑን በጣት ያዙት። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነም አሁን ነው ወደ 8 ማሳደጊያው። ገዝታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ግን የነበረው ላይ 1.35 ቮልት ይሁን 1.5 ቮልት የተጻፈውን አንብቡ፤ 1.35 ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ በ1.5ቱ አይነሣም።

መጀመሪያው ቡት

ክዳኑን በሁሉም ብሎን ሳታስሩ አንዴ አስነሡና ባዮስ ግቡ፦ ዴል፣ ቶሺባና ኤሰር ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1። ኤስኤስዲው በስሙ ከታየ ግማሹ ጭንቀት አለቀ። እዚያው የሳታ ሞድ አኤችሲአይ (ለኤስኤስዲ የሚስማማው አሠራር) መሆኑን እዩ። አይዲኢ (የድሮው አሠራር) ላይ ከሆነና ክሎን ካደረጋችሁ ዝም ብላችሁ አትቀይሩት፤ ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። መጀመሪያ እንዳለ ተነሡ፣ ሲስተም ኮንፊገሬሽን የሚለውን ፈልጋችሁ ቡት ከሚለው ገጽ ሴፍ ቡትን ምረጡ፣ እንደገና ስታስነሡ ባዮስ ገብታችሁ ወደ አኤችሲአይ ቀይሩ፣ በሴፍ ሞድ ከተነሣ በኋላ ምርጫውን አጥፉት። አዲስ ለሚጭን ይህ ሁሉ የለም፤ አስቀድሞ መቀየር ብቻ ነው።

አዲስ ስትጭኑ አሮጌው ዲስክ በምንም በኩል አይያያዝ። ሁለቱም ካሉ የመነሻ ፋይሎቹ አሮጌው ላይ ይጻፉና እሱን የነቀላችሁ ቀን ላፕቶፑ አይነሣም። የመጫኛው ፋይል ከ4 እስከ 6 ጊጋ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ዋይፋይ ካለበት አውርዱት። ፍላሹን ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስታዘጋጁ የላፕቶፑ ባዮስ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ ዓይነት) ከሆነ ጂፒቲ፣ ሌጋሲ (የድሮው ዓይነት) ከሆነ ኤምቢአር የሚለውን የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ምረጡ። ባዶውን ቦታ መርጣችሁ ኔክስት በሉ፤ ፓርቲሽኑን ራሱ ይከፋፍለዋል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ በመቀየሩ አይጠፋም።

ከተነሣ በኋላ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለውን ከፍታችሁ ዓይነቱ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ተብሎ መጻፉን አረጋግጡ። የሚቀረውን ዊንዶውስ ራሱ ያውቀዋል፤ የውጭ ዲፍራግ (የተበታተነ ፋይል የሚሰበስብ) ፕሮግራም አትጫኑበት። ከ10 እስከ 15 በመቶ ቦታ ባዶ ይሁን፤ ጢም ብሎ የሞላ ኤስኤስዲ ሲጽፍ ይንቀራፈፋል።

እምቢ ካለ

«ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» ካለ፣ ባዮስ ኤስኤስዲውን እያየው ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ የዩኢኤፍአይና የሌጋሲ አለመገጣጠም ነው፤ አሮጌው ዲስክ በነበረበት ሞድ መልሱት። ባዮስም ካላየው አውጥታችሁ መልሳችሁ ግፉት፤ ያም ካልሆነ በዩኤስቢ ገመድ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ ሪባኑ ወይም ሶኬቱ ላይ ነው።

በዩኤስቢ ያያዛችሁት አዲስ ኤስኤስዲ «ዚስ ፒሲ» ላይ ካልታየ ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገና ኢኒሻላይዝ አልተደረገም (ለሥራ አልተዘጋጀም)።

ሲ ድራይቭ አልሰፋ ብሎ በቀኙ ባዶ ቦታ ከቀረ፣ መሐላቸው የሪከቨሪ ፓርቲሽን ተቀምጦ ይሆናል። ከፍላሽ በሚነሣው ጂፓርትድ በሚባል የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም እሱን ወደ ዳር ገፍታችሁ ሲን አስፉት፤ እዚህም የመብራቱ ጉዳይ እንዳይረሳ።

በየጊዜው ለጥቂት ሰከንድ ድርቅ ብሎ መልሶ የሚሄድ ከሆነ፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የፓወር ፕላኑን ሃይ ፐርፎርማንስ አድርጋችሁ እዩ። ከተሻለው ኃይል ቆጣቢው ነው፤ ካልተሻለው ሪባኑን ወይም ኤስኤስዲውን ጠርጥሩ። ምንም ሳይደርቅ ዝም ብሎ ዘገምተኛ ከሆነ ግን ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪን ተመልከቱ፤ 90 በመቶ አልፎ ከተቀመጠ የሚጎድለው ራም ነው።

አሮጌው ዲስክ

አሮጌውን ቢያንስ አንድ ወር ሳትነኩት አስቀምጡት፤ የተረሳ ፋይል የሚታወሰው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጤነኛ ከሆነ ባለ 2.5 ኢንች የዩኤስቢ ኬዝ ገዝታችሁ የመጠባበቂያ ማስቀመጫ አድርጉት። ለዓመታት ኮረንቲ ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ የፎቶ ማኅደር ሃርድ ዲስክ ከኤስኤስዲ ይሻላል፤ ኤስኤስዲ ያለ ኮረንቲ ሲቆይ፣ በተለይ ሙቀት ባለበት፣ የያዘውን ቀስ በቀስ ሊያጣ ይችላል። ከሸጣችሁት ደግሞ ኩዊክ ፎርማት ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሥታችሁ ሙሉ ፎርማት አድርጉት። 500 ጊጋው ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ኩዊኩ ግን ፋይሎቻችሁን በነፃ ፕሮግራም ለሚፈልግ ሰው እንዳሉ ነው የሚተውለት።